ከመኪናው ላይ የተላጠው ስም

ቺዙሩ ኢሶጋይ ሰውዬውን መጀመሪያ ያየችው ዮኮሃማ ወደብ ላይ፣ በአንድ እጁ የፀጉር ማድረቂያ፣ በሌላው የዓሣ ማጥመጃ ክር ይዞ፣ ከቀይ የስፖርት መኪና ኋላ ተንበርክኮ ነው። ማጣበቂያውን በሙቀት ያላላል፤ ክሩን ከፊደሎቹ ሥር እያስገባ ይስባል። የሚላጠው ስም «ኢናሳ» ይላል። ስሙን ለኩባንያቸው መኪና ያወጣችው እሷ ናት።

«ምን እያደረጉ ነው?»

ሰውዬው ደንግጦ ተነሣ። ማድረቂያውን ብብቱ ውስጥ ወሽቆ፣ እንደ ወጉ ጎንበስ ብሎ የስም ካርዱን በሁለት እጁ ዘረጋላት።

«ኩኒያኪ ታቴቤ እባላለሁ። ከውጭ ሽያጭ ክፍል።»

ማድረቂያው አልጠፋም ነበርና ክራቫቱን ሽቅብ ያራግበዋል። ሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ ትሞት ነበር። ካርዱን በአንድ እጇ ነጥቃ፣ ሳታነበው ኪሷ ከተተችው። ይህ በጥፊ ከመማታት አይተናነስም።

«ስሙን ለምን ይልጡታል?»

«ወደ ውጭ የሚሄዱት በዚህ ስም አይሸጡም። ለጀርመኖች ‹ቲ-ሠላሳ› ነው። አሜሪካኖቹ ደግሞ አውሬ ካልሆነ ደንበኛ አይመጣም ብለው ‹ተኩላ› ብለውታል።»

«ተኩላ?»

«ተኩላ።»

«ተኩላ በፀጉር ማድረቂያ ሲወለድ ዛሬ ገና አየሁ።»

ኢናሳ አባቷ ዓሣ በሚያጠምድበት ባሕር ላይ ከደቡብ ምሥራቅ ድንገት የሚነሣው ነፋስ ነው። ኩባንያው ስሙን ሲመርጥ ሽማግሌው እንዳልሰማ ጀልባውን ሲወለውል ዋለ። ማታ ግን መንደሩን እየዞረ «የኛ ነፋስ ዓለምን ሊያዳርስ ነው» እያለ ለሁሉም አወራ። አሁን ለአባቷ ምን ተብሎ ይነገረዋል?

«ማነው የወሰነው?»

ታቴቤ ወገቡ እስኪታጠፍ ጎነበሰ። «ኃላፊነቱ የእኔ ነው። ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

የተላጠውን ስም ከእጁ ቀምታው ሄደች።

ከዚያ ወዲያ ሥራዬ ብላ ጠላችው። ከውጭ አገር በተመለሰ ቁጥር ለቢሮው ጣፋጭ ያመጣል፤ እሷ ለሁሉም ታድልና አንዷንም አትቀምስም። ስብሰባ ላይ ይጨቃጨቃሉ። ጭቅጭቁ በስብሰባው አያልቅም፤ ደረጃውን ወርደው፣ መንገዱን አቋርጠው፣ ባቡር ጣቢያ ድረስ ይዘውት ይሄዳሉ። ሰውዬው ከአገር ሲወጣ ደግሞ የምትናደድበት ሰው አጥታ ትናደዳለች።

አንድ ቀን ባቡር ሲጠብቁ፣ «ኢናሳ ሲነሣ ምን ይሸታል?» አላት።

«እርጥብ ገመድ።»

ሳትሰናበተው ባቡሩ ውስጥ ገባች። የተናደደችው ጥያቄው ደስ ስላላት ነው።

የዓመቱ መጨረሻ ግብዣ ደረሰ። በዚያ ምሽት አለቃና ምንዝር የለም፤ ሳኬ እየተጠጣ የተባለው ነገር በማግስቱ አይነሣም። የውጭ ሽያጭ ኃላፊው አቶ ዋኪሳካ ፊቱ ቲማቲም መስሎ አጠገቧ ተቀመጠ።

«አንቺ ልጅ፣ የኛን ታቴቤ አታውቂውም። ግትር ነው። ስሙ አይነሣም ብሎ ጨርቄን ሊያስጥለኝ ነበር። በመጨረሻ ‹እንግዲያው ሄደህ በእጅህ ላጠው፣ ይቅርታውንም አንተው ጠይቅ› አልኩት። ላጠዋ!»

ዋኪሳካ ሳቀ። ቺዙሩ ጽዋዋን አስቀምጣ ወጣች። ታቴቤ በሩ ጋ ጫማውን ሊያደርግ ተቀምጧል።

«ለምን አልነገርከኝም?» እርስዎ መባባሉ እዚያው ላይ ቀረ።

«ኩባንያው ከወሰነ እኔም ወስኛለሁ። አለቃዬን በጣቴ እየጠቆምኩ...»

«አንድ ዓመት ሙሉ ያለጥፋትህ ስረግምህ ዝም ብለህ ሰማኸኝ? ያን ሁሉ ንዴት በባዶ ሜዳ አስጨረስከኝ?»

«በባዶ ሜዳ አይደለም። በየቀኑ ታናግሪኝ ነበር።»

አንዱን ጫማውን አንሥታ ወረወረችበት። ከዚያ አለቀሰች። ከዚያ እቅፉ ውስጥ ገባች፤ እዚያም ሆና ትሳደብ ነበር።

በጸደይ «ጀርመን ሊመድቡኝ ነው» አላት። «አግቢኝና አብረን እንሂድ።»

ልቧ ዘለለ። እሺ ልትል አፏን ስትከፍት እሱ ቀደማት።

«ቺዙሩ ታቴቤ... ሲጠሩት ያምራል።»

ደስታዋ ደም ሆኖ ፊቷ ላይ ወጣ። የአገራቸው ሕግ ባልና ሚስት በአንድ የቤተሰብ ስም ይመዝገቡ ይላል። የሚጠፋው ደግሞ መቼም የሴቷ ነው።

«አሁንም ማድረቂያህን ይዘህ መጣህ?»

«ሕጉ ነው፣ ቺዙሩ...»

«ሕጉ አንድ ይሁን አለ እንጂ የሷ ይላጥ አላለም። እወድሃለሁ። ስሜን ግን አልሰጥህም። ይህንንም ኩባንያው ነው የወሰነው በለኝ!»

ጎንበስ ብሎ ሄደ። አልደወለም። እሷም አልደወለችም። ይሂድ፣ ተኩላውን ይሽጥ አለች፤ ብላም ትራሷን አቅፋ አነባች።

አንድ እሑድ አባቷ መንደር፣ ጀልባዎቹ አጠገብ ከሽማግሌው ጋር መረብ ስትጠግን ታቴቤ መጣ። አንድ ጉንጩ አብጧል።

«አባቴ ነው» አለ። «የአያቶቼን ስም ልጥል መሆኔን ነገርኩት።»

ጎንበስ ብሎ አዲስ ካርድ በሁለት እጁ ዘረጋላት። «ኩኒያኪ ኢሶጋይ» ይላል።

«እሺ ካልሽኝ መጠሪያዬ ይህ ነው።»

ሽማግሌው ቀና አለ። «ነፋሳችንን በቁጥር የሚሸጠው አንተ ነህ?»

«አዎን። ኃላፊነቱ የእኔ...»

«ደግሞ ጀመረው» አለች ቺዙሩ።

ኩኒያኪ አየት አደረጋትና ወደ ሽማግሌው ዞረ። «አይደለም፣ አባባ። የወሰኑት አለቆቼ ናቸው። እኔ አልተስማማሁም ነበር።»

«እንግዲያው ቁጭ በልና መረቡን ያዝ» አለው።

ቺዙሩ ካርዱን በሁለት እጇ ተቀበለች፤ ቀስ ብላ አነበበችው። «ይህን ያህል ቀን አስጠብቀኸኛል፤ እሱን አልረሳልህም» አለችው። ይህ እሺ ማለቷ ነበር።

ጀርመን ሲደርሱ ኩባንያው ለኩኒያኪ የሚነዳው «ቲ-ሠላሳ» ሰጠው። ቺዙሩ በመጀመሪያው እሑድ ከቦርሳዋ ውስጥ ያን የተላጠ ስም አወጣች።

«አለቆችህ ሊቆጡ ይችላሉ» አለችው።

«ይቆጡ።»

ማጣበቂያው እንዲይዝ ብረቱን ያሞቀላት እሱ ነበር፤ በዚያው የፀጉር ማድረቂያ።