ያልተንጣጣው ሳንቃ

መርማሪዋ የጣሪያ ሳንቃ ማምረቻው ስትደርስ፣ ቅልቅሉን የሚቀምመው ሰውዬ በማሽኑ ጉድጓድ ውስጥ አንገቱ ተሰብሮ ተጋድሟል። አጠገቡ ለሁለት የተከፈለ፣ ከደረቀ የፎም አረፋ የተሠራ ሳንቃ ወድቋል። ሰውየው ከየቅልቅሉ አንድ የጣሪያ ሳንቃ መርጦ፣ ጉድጓዱ ላይ አጋድሞ ራሱ ይቆምበት ነበር። «ሠሪው ያልቆመበት ጣሪያ ሥር ማንም አይተኛም» ባይ ነበር። ዛሬ እንግዲህ የገዛ ቅልቅሉ ገደለው ተብሎ መወራት ጀምሯል፤ ሰው አፉ መቼ ይደክመዋል።

«ባሌ ሥራውን ያውቃል» አለች ሚስቱ። «ልጆቼ የዝርክርክ ልጆች ተብለው እንዲያድጉ አልፈልግም።»

«በምን ተማምኖ ነው የሚቆምበት?» አለች መርማሪዋ።

«በቃጫው ነዋ። ደረቅ ፎም ብቻውን ብስኩት ማለት ነው። የተከተፈ ቃጫ ሲገባበት ግን ይጎብጣል፣ ይንጣጣል፤ እስኪወርዱ ጊዜ ይሰጣል።»

እዚያው ይሠራ የነበረው ሳንቃ ቆራጭ ጀርባውን ሰጥቶ ነበር። «ቀጭ ሲል ሰማሁ፤ ዘወር ስል ሰውየው የለም» አለ።

በቅልቅሉ በርሜል ውስጥ ቃጫ የሚጨምረው የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው፤ ሟቹ አዝሎ ያሳደገው። ዓይኑ ደም መስሏል። «ሳንቃው መንጣጣት ሲጀምር ‹ጋሼ፣ ውረድ› ብዬ ጮህኩ። ምን ያደርጋል፣ እልኸኛ ነው፣ እምቢ አለኝ።»

መርማሪዋ የሳንቃውን ስብራት በጣቷ ዳሰሰችው። ልሙጥ ነው።

ሦስቱንም ሰበሰበቻቸው። ከድሮው ቅልቅል የተረፈ ሳንቃ ጡብ ላይ አጋድማ ቆመችበት። ጎበጠ፣ ተንጣጣ፣ ስብራቱ ላይ ቃጫው እንደ አሮጌ ገመድ ተንጨፈረረ። ከአዲሱ ቅልቅል ሌላ አጋድማ ቆመችበት። ይኼኛው ቀጭ ብሎ ለሁለት ሆነ።

«ቃጫ የለውም፤ ስለዚህ አይንጣጣም» አለች ወደ ወንድምየው ዞራ። «ቆራጩም የሰማው ቀጭ ሲል ብቻ ነው፤ ጩኸትህንም አልሰማም። ቃጫ ያለውን ሳንቃ አሰባበር ስለምታውቅ መንጣጣቱን ፈጠርክ። ቃጫውን ለምን ተውከው?»

ወንድምየው ቁጭ አለ።

«ማቀላቀያው ላይ ይጠመጠማል። በእጅ መልቀሙ ሰለቸኝ። ትናንት ‹ከእንግዲህ ቀማሚው አንተ ነህ› ብሎኝ ነበር። ሳንቃው ላይ ሲወጣ… ብናገር ቀማሚነቱን ይነሳኛል ብዬ ፈራሁ። ይችለዋል ብዬ ዝም አልኩ።»

«ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ» አለ ቆራጩ ለራሱ።

ሚስትየው ወንድምየውን ትክ ብላ አየችው። ከልጆቿ ጋር በአንድ ገበታ ያበላችው ነው።

«ጮህኩ ያልከውን እውነት ብትጮኸው ኖሮ ይወርድልህ ነበር» አለችው። «አንተን መቼ እምቢ ብሎህ ያውቃል?»