ሰፊ ቅጠል

መስከረም ስለ ጥቁር አፈር የተጻፈውን ገጽ አንዴም ሳትደናቀፍ አንብባ ጨረሰችና ቀና አለች። ጭብጨባ ነበር የጠበቀችው። በኮኪት ከተማው የክረምት ማጠናከሪያ ክፍል ውስጥ እንደ እሷ ጥርት አድርጎ የሚያነብ ተማሪ አልነበረም፤ ይህንንም ከማንም በላይ የምታውቀው ራሷ ነበረች።

«ድምፅሽ ደስ ይላል» አሉ መምህርት የሻረግ። «አሁን መጽሐፉን ዝጊና ያነበብሽውን ለኩብራ በራስሽ ቃል ንገሪያት።»

መስከረም መጽሐፉን ዘጋች። «ስለ አፈር ነው...» አለች። ሌላ ምንም አልመጣላትም። የክፍል ጓደኛዋ ኩብራ ከአጠገቧ ሆና ሳቋን በእጇ አፈነች።

መምህርቷ አልተቆጡም። «ከመጀመርሽ በፊት ርዕሶቹን ተመልከቺ፤ ከዚህ ምን ላገኝ ነው ብለሽ ራስሽን ጠይቂ» አሉ። «አንዱን አንቀጽ ስትጨርሺ ቁሚ። በራስሽ ቃል መናገር ካቃተሽ ተመልሰሽ አንብቢው። ሳይንስም ይሁን ጂኦግራፊ፣ መረጃ የያዘ ጽሑፍ ሁሉ የሚነበበው እንዲህ ነው።»

ከትምህርት ሲወጡ ኩብራ አለቀቀቻትም። «ያን ያህል ፏ ብለሽ አንብበሽ ምንም አልያዝሽም? ሼም ነው!»

«አቦ ተይኝ!» አለች መስከረም። ከልቧ ተናድዳ ነበር።

ኩብራ ወደ ገበያው ስትታጠፍ፣ መስከረም ከቤት ምሳ ይዛ የአባቷን እርሻ መንገድ ጀመረች። መምህርቷ እንደተሳሳቱ ለራሷ ልታሳይ ፈለገች። ትናንት ማታ ያነበበችውን ወረቀት በቃሏ ልትናገር ሞከረች።

ወረቀቱ ለእርሻው ከተገዛው የአረም ማጥፊያ መድኃኒት ጋር የመጣ ነው። አባቷ አቶ ትዕዛዙ ማንበብ አይችሉም። ባለፈው ሳምንት ጎረቤት እንዳሳያቸው ማሽላውን ረጩትና አረሙ ድራሹ ጠፋ። ዛሬ ተራው የሰሊጡ ነበር። ትናንት መስከረም ወረቀቱን በሠራተኞቹ ፊት እንደ ዜና አንባቢ ስታንበለብለው፣ ከጎጃም የመጡት ሠራተኞች አጨበጨቡላት። አባቷም «የእኔ አንባቢ!» ብለው ግንባሯን ሳሟት። ስለ ይዘቱ የጠየቀ ግን አልነበረም።

አሁን ትዝ ያላት «አረም ያጠፋል» የሚለው ብቻ ነው። ሌላስ? ሌላ ብዙ ነገር ነበረው። ሰሊጡ ሳይረጭ ለመድረስ እርምጃዋን አፈጠነች።

ስትደርስ አንዱዓለም የሚባለው ሠራተኛ መርጫውን ሞልቶ አዝሎታል፤ አባቷም አፍና አፍንጫቸውን በሻሽ እየሸፈኑ ነው። ወረቀቱ ንፋስ እንዳይወስደው ጀሪካኑ ሥር ተደርጓል። መስከረም ምሳውን አስቀምጣ ወረቀቱን አነሳችና ርዕሶቹን በዓይኗ ፈለገች። «የሚረጭበት ሰብል» የሚለው ላይ ቆመች።

«ቀጭን ቅጠል ባላቸው እንደ ማሽላ ባሉ ሰብሎች መካከል የሚበቅሉ ሰፊ ቅጠል አረሞችን ያጠፋል። ሰፊ ቅጠል ባላቸው ሰብሎች ላይ አይረጭም።»

እግሯ ሥር ያለውን፣ ቅጠሉ ሰፊ የሆነውን የሰሊጥ ቡቃያ አየች። ከዚያም ማዶ ያለውን ማሽላ። የዓመቱ ተስፋቸው በሙሉ ያለው እዚህ ሰሊጥ ላይ ነው።

ሰማዩ ደመና አዝሏል። «ዝናብ ሊመጣ ነው፣ ለነገ ይሁን» ብትል ማንም አይጠረጥራትም። ነገ ግን እሷ ትምህርት ቤት ናት፤ እነሱ ደግሞ ይረጫሉ።

«አባ፣ ይቆዩ!»

አባቷ ዞሩ። «ምነው ልጄ?»

«ትናንት ያነበብኩላችሁ... ለእኔም አልገባኝም ነበር።»

«እንደ ውሃ አንቆረቆርሽው እኮ!» አለ አንዱዓለም።

«አንብቤዋለሁ፣ ግን አልገባኝም። እንደገና ላንብበው፣ ቀስ ብዬ።» ፊቷ በእፍረት ጋለ።

ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች አንብባ ቆመች። «ያልኩትን እስኪ እርስዎ ይንገሩኝ» አለቻቸው።

አቶ ትዕዛዙ ጎንበስ ብለው አንዱን የሰሊጥ ቅጠል በአውራ ጣታቸው ዘረጉት፤ ከዚያ ወደ ማሽላው ተመለከቱ።

«ማሽላውን ይተወዋል» አሉ በዝግታ። «ይሄን ግን... ይሄን ከአረሙ አይለየውም።»

አንዱዓለም መርጫውን ከጀርባው አወረደ።

ጎበዝ ያላት አልነበረም። አባቷ ሻሹን ከአፋቸው ፈትተው አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጡ። «የቀረውንም አንብቢው፣ ከላይ ጀምረሽ» አሉ። «ያልገባኝ ቦታ ላይ እኔ አስቆምሻለሁ።»

መስከረምም ቁጭ ብላ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘረጋችና የመጀመሪያውን ርዕስ አነበበች። ከዚያም ንባቧን ገታ አድርጋ አባቷን ጠበቀች።