ዘግይቶ የከሰመ ድምፅ

ሮዳስ ፍላሹን በብስኩት ወረቀት ጠቅልላ ጠረጴዛው ላይ ገፋችው።

ሆሳዕና መናኸሪያ፣ ጥግ ያለች ሻይ ቤት። ዓይኗ በሩ ላይ ነው። እኔን! ከጠዋት ጀምሮ እህል በአፏ አልዞረም።

ፊት ለፊቷ አለቃዋ ተረፈ ተቀምጧል። በስውር የፖሊስ ሥራቸው የሚስጥር ስሙ «አጎቴ» ነው፤ እሷ «ጤፍ» ናት።

«ምን ይዟል?»

«የሁለት ልጆች ድምፅ። የአዲሎዋ ኪያና ሰፊያ። ደላላው ደቡብ አፍሪካ ገብተዋል ይላል። ውሸቱን ነው፣ ሾኔ ናቸው። ከድምፃቸው ጀርባ የሾኔው ወያላ ሀምዛ «አዲሎ! አዲሎ!» ይላል። ያንን ጎርናና ድምፅ የማያውቅ የለም።»

«ደላላው አጥፊው አላለሽም?»

«ብሎኛል። እኔ የቮልዩሙን መስመር ዝቅ ብቻ ነው ያደረግኩት። መስመሩ ላይ ያሉትን ነጥቦች ወደ ላይ ስትስባቸው ሁሉም ይሰማል።»

«ጎሽ የኔ ልጅ። ዛሬውኑ ልጆቹ ያሉበትን ቤት እናስከብባለን። አንቺ ወደ ሥራሽ።»

ተመለሰች። ስምንት ወር ሙሉ የመዝሙር ድምፅ እያስተካከለች ማንነቷን ደብቃ የሠራችበት የደላላው ስቱዲዮ ነው።

ደላላው አቤሴሎም ወንበሯ ላይ ተቀምጧል።

ፍላሹ በእጁ ነው።

አጎቴ ሸጧታል።

«እንዴት ነሽ እህቴ? ሻዩ ጣፈጠሽ?» ሳቀ። «የኪያ እናት የልጄን ድምፅ ካልሰማሁ ፖሊስ ጣቢያ አድራለሁ ብላለች። ቁጭ በይና ጨርሺልኝ።»

ምን ታድርግ? ቁጭ አለች።

በቅጂው ላይ ኪያ በአማርኛ «እማዬ፣ ደርሻለሁ፣ ደህና ነኝ» ትላለች። እሱ ከምባትኛ ስለማይሰማ ነው በአማርኛ ያስወራት። ከኋላዋ ሰፊያ ታለቅሳለች።

«ይቺን አልቃሻ አጥፊያት።»

ሮዳስ መስመሩን እስከ ታች ጎተተችው። የሰው ልጅ ለቅሶ በአንድ ጣት ጠፋ። ወይ አምላኬ!

«መጨረሻው ድንገት ከተቆረጠ ያስነቃል» አለች። «ቀስ ብሎ ይክሰም።»

«ይክሰም።»

መስመሩ ላይ ያለችውን የመጨረሻዋን ነጥብ ሦስት ሰከንድ ወደ ቀኝ ገፋቻት። የሀምዛ «አዲሎ!» እየራቀ፣ እየቀጠነ ገባ። አቤሴሎም በስልኩ ድምፅ ማጉያ ሰማው። ውጭ ባጃጅ ይጮኻል። ጆሮው ምንም አልያዘም። ላከው። ዋናውንም ቅጂ ዓይኑ እያየ አስጠፋት።

ከዚያ በሩን ቆለፈ።

ተንኳኳ።

«ጌታ ይመስገን! ቀጠሯችን ዘጠኝ ሰዓት አይደል እንዴ?» ኳየሩ ነው፣ አሥራ ሁለት ሰው። እያንኳኩ መዘመር ጀመሩ። በሩን ከመክፈት ሌላ ምን ምርጫ ነበረው? ሮዳስ እየተሳሳመች በመሃላቸው ወጣች።

በማግስቱ በዱራሜ አውቶቡስ ውስጥ፣ አጠገቧ የተቀመጡት እናት ወሬውን አመጡት።

«የአዲሎዋ ገነቴ፣ የኪያ እናት፣ ልጇ በአማርኛ ስታናግራት ልቧ ፈራ። «ከመቼ ወዲህ?» ብላ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ደጋግማ ሰማችው። መጨረሻው ላይ ሀምዛ! የእድር ሰው ይዛ ሾኔ ወረደች። ልጇን ከመናኸሪያው ጓሮ አወጣቻት።»

«ሌላዋስ?» አለች ሮዳስ።

«ምን ሌላ?»

«አብራት… ሌላ ልጅ የለችም?»

«አሃ፣ አንዲት ሰፊያ የምትባል ነበረች አሉ። የእድር ሰዎቹ ሳይደርሱ አንድ አለቃ ነኝ ባይ ደውሎ፣ ጠባቂዎቹ እሷን ቀድመው ጭነው ሄደዋል፤ ለኪያ ሳይመለሱ ነው እናቷ የደረሰችው። ወዴት እንደሆነ ማን ያውቃል? ድምፅዋን እንኳ የሰማ የለም።»

ሮዳስ ሰምታ ነበር።

ሴትየዋ ትክ ብለው አዩዋት። «ለመሆኑ አንቺ የማን ልጅ ነሽ?»

«የሩቅ ሰው ነኝ፣ እማማ» አለችና፣ ሻሿን ወደ ግንባሯ ስባ የሚቀጥለው ፌርማታ ላይ ወረደች።