አራት ጽጌረዳ በአንድ ክፍል

«ጽጌረዳ!» ብሎ የሒሳብ መምህሩ ሲጣራ አራት ልጃገረዶች ብድግ አሉ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

«የካሱ ልጅ፣ አጭሯ!»

ሦስቱ ቁጭ አሉ። አጭሯ ጽጌረዳ ብቻዋን ቆማ ቀረች።

የላንቴ ቀበሌ ሰው ሴት ልጅ ስትወለድለት ስም ፍለጋ አይደክምም። ሲስተር ጽጌረዳ የቀበሌው የመጀመሪያዋ አዋላጅ ነርስ ናቸው፤ ያዋለዷትን ሴት ልጅ ሁሉ በስማቸው መጥራት ልማድ ሆኗል። ውለታ መመለሱ ደግ ነገር ነው። መከራውን የምታየው ግን ስሟ የሁሉም የሆነባት ልጅ ናት።

«አቦ፣ ቀይሪውና ተገላገይ!» አለቻት ጓደኛዋ አቢጋኤል በእረፍት ሰዓት። «ነገ ለአሥረኛ ክፍል ፈተና ስንመዘገብ የሰጠሽው ስም ነው ሰርተፊኬት ላይ የሚወጣው። ከዚያ በኋላ ብታለቅሺም አይሰሙሽም። ሊዲያ በይው፤ አራዳ ስም ነው።»

አባቷ «ስሙ ያንቺ ነው» ብሎ ፈቅዶላታል። ያኮረፈችው እናቷ ናት።

ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ ሰው ጡረታ ለወጡት ሲስተር ማንጎ ዛፍ ሥር ደግሶ ጠበቃቸው። ሽማግሌው አቶ ኦይታ ተነሥተው፣ «መጀመሪያ ስትመጣ በር የዘጋሁባት እኔ ነኝ» አሉ። «‹ራስሽ ሳትወልጂ ማንን ታዋልጃለሽ?› አልኳት። ደጃፌ ላይ ቁጭ አለች እንጂ አልሄደችም። ሚስቴና ልጄ ዛሬ ያሉት በእሷ እልህ ነው።» እልልታው ቀለጠ።

ከዚያ ጽጌረዳዎቹ ሁሉ ከሲስተር ጋር ለፎቶ ተሰለፉ። ፎቶ አንሺው ለሲስተር፣ «ጽጌረዳ፣ ትንሽ ወደ ግራ!» ቢላቸው ሰልፉ በሙሉ ወደ ግራ ሄደ። «ወደ ቀኝ!» ሲል ደግሞ ሁሉም ወደ ቀኝ። ሰው ሆዱን ይዞ ሳቀ።

አጭሯ ጽጌረዳ ግን ሰልፉ ውስጥ አልገባችም። ሲስተር አይተዋት ጠጋ አሉ።

«አንቺስ? አንቺን ስትወልድ እናትሽ እጄን ነክሳኛለች፤ እንዴት እረሳሻለሁ?»

ልጅቷ መደበቁ ከበዳትና፣ «ሲስተር፣ ነገ ስሜን ልቀይር ነው» አለች። አጠገቧ የቆመችው እናቷ በእፍረት ፊቷ ጠቆረ።

ሲስተር እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «ቀይሪያ! እኔም እኮ ጽጌረዳ አይደለሁም!»

ሰዉ ጠጋ ጠጋ አለ።

«እናቴ በቋንቋችን ያወጣችልኝ ስም ባሎቴ ነው። ትምህርት ቤት ስገባ መምህሩ ‹ይሄ ስም አልያዝልኝ አለ› ብሎ ጽጌረዳ ብሎ ጻፈኝ። ማን ጠይቆኝ! ይኸው አገሩን ሁሉ ጽጌረዳ አስባልኩት።» እንደገና ሳቁ፤ ቀጥለው ግን ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ባሎቴ ብላ የምትጠራኝ እናቴ ነበረች። እሷ ካረፈች ወዲህ በዚያ ስም የጠራኝ የለም።»

በማግስቱ ተማሪው ከመመዝገቢያው መስኮት ፊት ተሰልፏል። የአጭሯ ጽጌረዳ ተራ ደረሰ።

«ስም?» አለ መዝጋቢው።

«ሊዲያ በይ እንጂ!» አቢጋኤል ከኋላ ቆነጠጠቻት።

«ባሎቴ ካሱ።»

«ማን? አልሰማሁሽም።»

«ባሎቴ!» አለች ጮክ ብላ። ጽፎ እስኪጨርስም ከመስኮቱ ፈቅ አላለችም።