ዘበኛዋን ያሰናበተች ፎቶ አንሺ

ያቺን ፎቶ አንሺ እናት አባቷ ባወጡላት ስም የሚጠራት ሰው የለም። ካሜራዋ ፊት የተቀመጠውን ሁሉ፣ ሕፃን ይሁን ሽማግሌ፣ «ፈገግ በሉ እንጂ!» ሳትል አንስታ ስለማታውቅ፣ ትልቁም ትንሹም «እትዬ ፈገግ» ይላታል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያች ጠባብ ፎቶ ቤት ለጉርድ ፎቶ የሚጣደፈውን፣ ሙሽራውን፣ ተመራቂውን፣ ገና ጥርስ ያበቀለውን ሕፃን ሁሉ ስታነሣ ኖራለች። ከግራጫው መጋረጃ ጀርባ ያለው ኮምፒውተሯ የስድስት መቶ ደንበኞችን ፎቶና ስልክ ቁጥር ይዟል። ፎቶ ሲደርስ «መጥታችሁ ውሰዱ» የሚለውን መልእክት የምትልከውም ከዚያው ነው። ይህ ሁሉ አደራ መሆኑን ግን አንድም ቀን አስባው አታውቅም።

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ሥራው ቀዝቀዝ ባለበት ሰዓት፣ ጥቁርና ነጭ ፎቶን ባለቀለም የሚያደርግ ፕሮግራም ኢንተርኔት ላይ አገኘች። ሌላው በውድ የሚሸጠው ነገር እዚህ በነፃ ቀርቧል። ልትጭነው ስትል አንድ ማሳሰቢያ ወጣ፦ «ከመጫንዎ በፊት ፋየርዎሉንና የቫይረስ መከላከያውን ያጥፉ።»

በዚያች ደቂቃ የጎረቤት ሱቅ ባለቤት የሆኑት ጋሽ ሬዲዮ መቀስ ሊዋሱ ገቡ። ጋሽ ሬዲዮ በወጣትነታቸው ሬዲዮ ጠጋኝ ነበሩ፤ ዛሬ ኮምፒውተር ይጠግናሉ፤ ቅጽል ስማቸው ግን ከሬዲዮው አልተላቀቀም። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው ስክሪኑን አዩ።

«አንቺ፣ ምን ልታደርጊ ነው?»

«ይቺን ፋየርዎል የሚሏትን ላጠፋት ነዋ። የእሳት ግድግዳ ማለት ነው አሉ። እሳት በሌለበት ቤት ምን ትሠራለች?»

«ዘበኛ ናት እንጂ! ሳይጠራ ከውጭ የሚመጣውን በር ላይ የምትመልስ። እስቲ ልጠይቅሽ፤ አንድ እንግዳ መጥቶ ‹ልግባ፣ ግን መጀመሪያ ዘበኛሽን አሰናብቺ› ቢልሽ ታስገቢዋለሽ?»

«ጋሼ ደግሞ! እኔ ባንክ አይደለሁ፣ ባለሥልጣን አይደለሁ። የሕፃን ጥርስ ፎቶ ለሌባ ምን ይረባዋል?»

«ሌባው ያንቺን ቤት ላይፈልገው ይችላል። ባንቺ አጥር ዘሎ ወደ ጎረቤት ሊሻገር ቢሆንስ?»

እትዬ ፈገግ ከት ብላ ሳቀች። «እርስዎ ልጅ ሳሉ ሬዲዮ ውስጥ ሰው ተደብቋል ብለው ይፈሩ ነበር፤ አሁን ደግሞ ኮምፒውተር ውስጥ ገባብዎት!»

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብለው መቀሱን ይዘው ወጡ።

እሷም ዘበኛዋን አሰናበተች። እውነት ለመናገር ፕሮግራሙ ሠራ። የእናቷን የልጅነት ፎቶ ስታስገባበት፣ ስድሳ ዓመት ግራጫ ሆኖ የኖረው ቀሚስ አረንጓዴ ሆኖ ወጣ። ደስታዋን አትጠይቁኝ። በዚያ ደስታ መካከል ያጠፋችውን መልሳ ማብራት ጭራሽ ትዝ አላላትም።

ሐሙስ ጠዋት ገና በሯን ሳትከፍት አንዲት አሮጊት ደንበኛዋን ስልካቸውን ከፍ አድርገው ይዘው ደጃፉ ላይ ቆመው አገኘቻቸው።

«ልጄ፣ ተጣላን እንዴ?»

«ምነው እማዬ?»

«ሁልጊዜ ‹እማዬ› ትዪኝ አልነበር? ትናንት ማታ ግን ‹ውድ ደንበኛችን› ብለሽ ጻፍሽልኝ። ደግሞ ያነሣሽኝ ፎቶ የለም። ነገሩ ስላላማረኝ ሳልነካው መጣሁ።»

እትዬ ፈገግ ስልኩን ተቀብላ አነበበች። «ውድ ደንበኛችን፣ ፎቶዎ ደርሷል። ለማየት ይህን ይጫኑና በስልክዎ የሚላክልዎትን ቁጥር ያስገቡ» ይላል። የላከው የእሷው ፎቶ ቤት ነው። እሷ ግን አልጻፈችውም። ያ በነፃ የመጣ ፕሮግራም ሰርጎ ገቦችን ይዞ ገብቶ ኖሮ፣ በእሷ ስም ያው መልእክት ለስድስት መቶውም ደንበኛ ተልኳል። አሥራ ሰባቱ እሷን አምነው ቁጥሩን አስገብተዋል፤ መልእክት የሚላላኩበት መለያቸውም፣ አካውንት የሚሉት፣ ከእጃቸው ወጥቷል።

ከአሥራ ሰባቱ አንዷ የጤና ጣቢያው አዋላጅ ነበረች። ረፋዱ ላይ ነጭ ጋውኗን እንደለበሰች መጣች።

«እትዬ፣ የላኩልኝን አምኜ ተጫንኩት» አለች ቀስ ብላ። «ከዚያ ወዲያ በስሜ የሚጽፈው ሌላ ሰው ሆነ። ዛሬ ማለዳ አንድ ባል ‹ሚስቴን ምጥ ጀምሯታል› ብሎ ጻፈልኝ። ምን ብሎ እንደመለሰለት ያውቃሉ? ‹መጀመሪያ ይህን ይጫኑ።›»

«ኧረ በፈጣሪ! እናትየዋስ? ልጁስ?»

«ሰውየው ነገሩ ግራ ሲገባው በእግሩ ሮጦ ቤቴ ድረስ መጣ። ስደርስ እትብቱ የልጁ አንገት ላይ ተጠምጥሞ ነበር። አሁን እናትም ልጅም ደህና ናቸው። ሩብ ሰዓት ብዘገይ ኖሮ ግን ዛሬ እዚህ ቆሜ የማወራው ሌላ ወሬ ነበር።»

እትዬ ፈገግ አፏን በእጇ ይዛ ወንበሯ ላይ ቁጭ አለች። «እኔ ባንክ አይደለሁ» ማለቷ ትዝ አላት። ለካ ሌባው የፈለገው ገንዘብ ሳይሆን እሷ ላይ የተጣለውን እምነት ኖሯል።

ጋሽ ሬዲዮ ተጠርተው መጡ። መጀመሪያ ያደረጉት የኢንተርኔቱን ገመድ መንቀል ነበር። «ቤቱን ከመንገዱ እንለየው» አሉ። ከዚያ ኮምፒውተሩን ከሥሩ አጽድተው እንደ አዲስ ጫኑት። ፎቶዎቹንና ስልክ ቁጥሮቹን በየሳምንቱ በሌላ ዲስክ የመገልበጥ ልማድ ስለነበራት አንድም አልጠፋባትም። የይለፍ ቃሏን ሁሉ በንጹሕ ኮምፒውተር ቀየሩ፤ ሌላ ቦታ በስሟ ተከፍቶ የነበረውንም መለያ ሁሉ ዘጉ። ይህን ሁሉ ሲያደርጉ አንዲት የወቀሳ ቃል ከአፋቸው አልወጣም።

«ብዬሽ ነበር ይበሉኝ እንጂ፣ ጋሼ!»

«ምን ልበልሽ? እኔስ ከየት የተማርኩት ይመስልሻል?» አሉ ሳቅ ብለው። «ከአምስት ዓመት በፊት ‹ዕጣ ወጥቶልዎታል› ብለው የአንድ ደንበኛዬን ኮምፒውተር በገዛ እጄ አስበሉኝ። ይልቅ ስሚኝ። ፋየርዎሏን መልሼ አብርቻታለሁ፤ ብቻዋን ግን አትመኪባት። ከውጭ የሚገፋውን ትመልሳለች እንጂ አንቺ እጁን ይዘሽ የምታስገቢውን አትከለክልም።»

ቀጥሎ ያለውን ሁለት ቀን እትዬ ፈገግ ፎቶ ቤቷን ዘግታ ለደንበኞቿ ሁሉ ስልክ ደወለች። «መልእክቱ የእኔ አይደለም፤ ጥፋቱ ግን የእኔ ነው» እያለች። ወደ አሥራ ሰባቱ ደግሞ ጋሽ ሬዲዮን ይዛ በየቤታቸው ሄደች። መለያቸውን አስመለሰችላቸው፤ ከይለፍ ቃሉ በተጨማሪ እነሱ ብቻ የሚያውቁት ሁለተኛ ማረጋገጫ ቁጥር አስገባችላቸው። አንዳንዱ ተቆጣት፤ አብዛኛው ግን ራሷ መጥታ በመናገሯ አከበራት።

አዋላጇ ዘንድ የሄዱት መጨረሻ ላይ ነበር። ይቅርታዋን ሰምታ ስታበቃ እንዲህ አለቻት፦ «ለእኔ መንገርዎ ብቻ በቂ አይደለም፣ እትዬ። ሰኞ ጠዋት ክትትል የሚመጡ አርባ ነፍሰ ጡሮች አሉ። ለእነሱም ይንገሩልኝ።»

«ኧረ አፍራለሁ!»

«እንዲያውም ይፈሩ። በጥፋቱ ሳያፍር የሚያስተምረውን ማን ይሰማል?»

ሰኞ ጠዋት እትዬ ፈገግ በጤና ጣቢያው መጠበቂያ ክፍል፣ በረጃጅሙ አግዳሚ በተደረደሩት ሴቶች ፊት ቆመች። የአረንጓዴውን ቀሚስ ነገር ስትጀምር ሴቶቹ ሳቁላት፤ እሷም ሁሉንም ሳትደብቅ አወራች። ሩጫውን፣ ምጡን፣ ሩብ ሰዓቷን ስትነግራቸው አንዳንዷ ሳይታወቃት ሆዷን ያዘች።

«እህቶቼ» አለች፣ «የምሰጣችሁ ምክር የገዛ ጥፋቴ ያስተማረኝን ነው። ‹መከላከያህን አጥፋ› ከሚል ማንም ጋር አትስማሙ። የማታውቁትን አትጫኑ። ስልካችሁ ‹አዲስ ማሻሻያ አለ› ሲል ‹ነገ› እያላችሁ አታቆዩት። የምታውቁት ሰው እንኳ እንግዳ ነገር ከላከ ደውላችሁ ድምፁን ስሙ። ወደ ስልካችሁ የሚመጣውን ቁጥር ደግሞ ለማንም አትስጡ።»

አንዲት መውለጃዋ የተቃረበ ሴት ከኋላ እጇን አወጣች። «ለባሌስ?»

«ለባልሽም! ለእኔም፣ ለሲስተርም!»

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ከዚያ ስልክ ከየቦርሳው ይወጣ ጀመር። «እስቲ የኔን እይልኝ»፣ «ይሄ ምንድን ነው የሚለው?» እያሉ ከበቧት። እሷም አግዳሚው ላይ መካከላቸው ተሸጉጣ ተቀምጣ፣ አንድ በአንድ ታሳያቸው ጀመር፤ ያወቀችውም ላላወቀችው ትነግራት ነበር። የራሳችንን በር የምንጠብቀው ለራሳችን ብቻ ብለን አይደለም፤ እኛን አምኖ የራሱን በር ለሚከፍተው ሰውም ጭምር ነው።

አዋላጇ በሩን ገፋ አድርጋ «ባለተራ!» ብላ ተጣራች። አርባውም ስልካቸው ላይ አቀርቅረው ስለነበር የሰማት አልነበረም። ሁለተኛ አልተጣራችም፤ የራሷን ስልክ ከኪሷ አውጥታ መጥታ አብራቸው ተቀመጠች።