አንድ ጥይት ለአንድ ጠዋት

«መሬት ላይ ቁጭ ብለሽ፣ በባላ ነው አይደል የተኮስሽው?» አለ ዶይል፣ የወረቀት ሳህኑን ወደ ጋራዡ መብራት ከፍ አድርጎ እያየ።

ሳህኑ ላይ አምስት ቀዳዳዎች አሉ። አምስቱም አንድ ቡጢ በሚሸፍነው ቦታ ላይ ተጠጋግተዋል። ከሥር በእስክሪብቶ «ኔቫ፣ ስልሳ እርምጃ» ተብሎ ተጽፏል።

«መሬት ላይ ነው አጎቴ» አለች ኔቫ።

እንዲህ በቀላሉ ወጣላት። አጎቷ ፈገግ ብሎ ሳህኑን ከሌሎቹ ጎን ግድግዳው ላይ በሚስማር መታው። እዚያ የቤተሰቡ ሁሉ ሳህን ተደርድሯል፦ የሟቹ አያቷ፣ የእናቷ፣ የዶይል፣ የልጁ የኮልተን። በዚህ ቤት ባለ አንድ ጥይቱን ሽጉጥ ይዞ አጋዘን ለማደን የሚወጣ ሰው መጀመሪያ ሳህኑን ያመጣል። ጫካ ውስጥ እንደሚተኩሰው መሬት ላይ ተቀምጦ፣ ሽጉጡን ባላ እንጨት ላይ አሳርፎ፣ አምስት ጊዜ ይተኩሳል። አምስቱም ሳህኑ ውስጥ ካልገቡ አደን የለም። ደንቡን ያወጡት አያቷ ናቸው፤ እስካሁን የሻረው ሰው አልነበረም።

ኮልተን የፒክ አፑ ጀርባ ላይ ተቀምጦ እግሩን ያወዛውዛል። ዐሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፣ አፉ ግን ከዕድሜው ይቀድማል። «አቦ፣ የኔን ሳህን እዩትማ! አንዱ ቀዳዳ ጠርዙን በልቶታል። እሷ ገና በዐሥራ አራት ዓመቷ ይሄን እጅ ከየት አመጣችው? ፉገራ እንዳይሆን ብቻ።»

«ቀናህ?» አለችው ኔቫ።

«ቀናሁ እንጂ! ነገ ባዶ እጅሽን ከተመለስሽ ግን እስከ ፋሲካ አልለቅሽም።»

ኔቫ ሳቀች። ወዲያው ግን ግድግዳው ላይ ያለውን ሳህኗን ሰርቃ አየች።

እውነቱ እንዲህ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ዶይል ድንጋይ ካባው ላይ ሥራ ስለነበረው፣ ሜዳው ላይ ከኋላዋ ተቀምጣ የጠበቀቻት አክስቷ ዊላ ነበረች። ኔቫ በመጀመሪያ በደንቡ መሠረት መሬት ላይ ተቀመጠች። እጆቿን ዘርግታ፣ ሽጉጡን ባላው ላይ አሳርፋ፣ ሽጉጡ ላይ በተገጠመው የማነጣጠሪያ መነጽር ስታይ ሳህኑ እንደ ጀልባ ይዋዥቃል። መነጽሩን ትንሽ ወደ ፊቷ ስትስበው ደግሞ ጭልም ይልባታል፤ የሽጉጥ መነጽር ከዓይን ራቅ ብሎ ካልተያዘ አያሳይም። አምስት ተኩሳ ሳህኑ ያገኘው ሁለቱን ብቻ ነው። ስለዚህ ተነስታ ወደ ተኩስ ጠረጴዛው ሄደች። ሽጉጡን አሸዋ በተሞሉት ከረጢቶች መሐል ቀበረችው፣ የመነጽሩን ማጉያ ቀለበት እስከ መጨረሻው፣ እስከ ሰባት አዞረችው። ሳህኑ ከመቅጽበት የጎማ ያህል ሆነላት። ከዚያ ወዲያ በጠረጴዛው እንጂ በመሬት አልተኮሰችም። አክስቷ የምትሠራውን ሹራብ ዓይን ስትቆጥር ቀና ብላ እንኳ አላየቻትም።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የኔቫ ግን በአንድ ሌሊት ከበዳት።

በማግስቱ ሲነጋጋ ከአጎቷ ጋር ኮረብታው ሥር፣ አንድ ትልቅ ዛፍ ግንድ ላይ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ሁለቱም ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሰዋል። የእናቷ የፈቃድ ደብዳቤ ተጣጥፎ ደረት ኪሷ ውስጥ ነው፤ በእሷ ዕድሜ ያለ እሱ ሽጉጥ ይዞ መውጣት የለም። የኅዳር ውርጭ ቅጠሉ ላይ ነጭ ሆኖ ተኝቷል። ዶይል እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ አንዲት ጥይት አወጣ።

«ለዛሬ ጠዋት ይቺ ናት። ሁለተኛ የለም» አለ በሹክሹክታ። «ጠብመንጃ የለመደ ሰው ብስት እደግማለሁ ይላል። በዚህኛው መድገም የለም። ስለዚህ እርግጠኛ ሳትሆኚ አትጀምሪም፤ ገባሽ?»

«ገባኝ።»

ሽጉጡን ከመሐሉ፣ ማጠፊያው ላይ ሰብራ ከፈተችው፣ ጥይቷን አገባች፣ ዘጋችው። ባላውን ከፊቷ ተከለች። ከዚያ ጥበቃ ሆነ። አንድ ሽኮኮ ቅጠሉን እየበረበረ አሳቃቸው፤ የእግሯ ጣቶች ደነዘዙ። ዶይል እንደተኛ ሰው ዓይኑን ከደን አድርጓል፣ ግን አልተኛም። እሷ ደግሞ የምታስበው ስለ ሳህኑ ነው። ዛሬ አጋዘን ባይመጣስ? ባይመጣ ማንም ምንም አያውቅም። በሆዷ «አትምጪ፣ አትምጪ» ማለት ጀመረች። ለአንድ ወር ቀን ስትቆጥር የከረመች ልጅ!

መጣች።

አጎቷ ክንዷን በአንድ ጣት ነካት። በቁጥቋጦው መሐል ቡናማ ነገር ተንቀሳቀሰ፣ ቆመ። ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው። ከሳህኗ ርቀት ግማሹ!

«ያንቺ ናት። ቀስ ብለሽ» አለ ዶይል ትንፋሹ ብቻ እየተሰማ።

ኔቫ እጆቿን ዘረጋች፣ ሽጉጡን ባላው ላይ አሳረፈች፣ መምቻውን በአውራ ጣቷ ወደ ኋላ ሳበችው። ዓይኗን በመነጽሩ አሻገረች። የታያት ጸጉር ነው። ቡናማ ጸጉር ብቻ። ራስ የለም፣ እግር የለም፣ ጀርባ የለም። የመነጽሩ ማነጣጠሪያ መስቀል ጸጉሩ ላይ ከወዲያ ወዲህ ይዋኛል። ወደ ግራ አዞረች፣ ጸጉር። ወደ ቀኝ መለሰች፣ ቅርንጫፍ፣ ከዚያ እንደገና ጸጉር። ያኔ ነው ነገሩ የገባት። ማጉያው ሰባት ላይ ነው። ጠረጴዛው ላይ እንደተወችው ነው። መሬት ላይ ተቀምጦ የተለማመደ ሰው በመጀመሪያው ቀን ወደ ሁለት ይመልሰዋል፤ እሷ መሬት ላይ አልተለማመደችም።

አሁን ቀለበቱን ብታዞር እጇ ይታያል፣ አጋዘኗ ትበራለች። ብትተኩስ መምታቷ አይቀርም፤ ይሄን ሁሉ ጸጉር ማን ይስታል? ግን ጸጉሩ የትከሻ ይሁን የሆድ፣ የጭን ይሁን የጎን አታውቅም። ጣቷ ቃታው አጠገብ ደርሷል። የኮልተን «እስከ ፋሲካ» ትዝ አላት። አጎቷ ጎኗ ትንፋሹን ይዞ እየጠበቀ ነው። በሕይወቷ እንደዚያን ጊዜ ፈርታ አታውቅም።

ጣቷን ከቃታው አራቀች። አፈሙዙን ወደ መሬት መለሰች፣ መምቻውን አውራ ጣቷ ሥር አጥብቃ ይዛ ቀስ ብላ ወደ ቦታው አወረደችው። ይሄን እንኳ አጎቷ መቶ ጊዜ አሠርቷታል። ያን ጊዜ አጋዘኗ ጥቂት ተራመደች፣ ሙሉ ሰውነቷም በባዶ ዓይን ታየ። ኔቫ ስታነጣጥርበት የቆየችው የኋላ ጭኗን ነበር። ትከሻዋ ሌላኛው ጫፍ ላይ ነው። ከእሷ ኋላ ደግሞ አንዲት ትንሽ አጋዘን ብቅ አለች። ሁለቱም ቅጠሉን እያንኮሻኮሹ ቁልቁል ወረዱ።

ዶይል ትንፋሹን ለቀቀ። «ቅርንጫፍ ነበር መሰለኝ፣ አይደል? በኔ በኩልም ትንሽ ይታይ ነበር። ደግ አደረግሽ።»

ይኸውና ማምለጫዋ ተዘጋጅቶ ቀረበላት። ራሷን ብትነቀንቅ በቂ ነው። ቅርንጫፍ ስለነበር ጠንቃቃዋ ኔቫ አልተኮሰችም ተብሎ እራት ላይ ይወራል፣ ኮልተን እንኳ አፉን ይይዛል።

ሽጉጡን ሰብራ ከፈተችው። ጥይቷን አውጥታ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት።

«ቅርንጫፍ አልነበረም» አለች።

«እሺ?»

«መነጽሩ ሰባት ላይ ነው። የማየውን አላወቅሁትም።» አንዴ ከጀመረች አልቆመችም። «ሳህኑንም መሬት ላይ አልተኮስኩትም። በጠረጴዛው ነው፣ በከረጢቱ። መሬት ላይ ስሞክር ሁለት ብቻ ነው ያገባሁት። አክስቴ አታውቅም። ዋሸሁህ።»

ዶይል ጥይቷን በጣቶቹ መሐል አዟዟራት። ከዚያ ሽጉጡን ተቀብሎ የማጉያውን ቀለበት አየ፣ ከንፈሩን መጠጠ።

«ሁለት ነገር አለኝ፤ ቁጣና ምርቃት። የቱን ላስቀድም?»

«ቁጣውን።»

«ተቆጥቻለሁ። ቀልድ አይደለም ኔቫ። ያቺን ብትተኩሺ ኖሮ ይሄን ጊዜ እግሯን የሰበርናትን አጋዘን ደም እየተከተልን ቁልቁል ስንሮጥ ነበር፣ ምናልባትም አናገኛትም። እኔ ሠላሳ እርምጃ ላይ ናት ብዬ ያንቺ ናት ያልኩት ሳህንሽን አምኜ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«በቃ፣ ቁጣው አለቀ። እደጊ። ጣትሽን ስላነሳሽ እደጊ።» ባርኔጣዋን ዓይኗ ድረስ ጎትቶ ደፋባት። «የእናትሽ ልጅ! እሷ እኮ የመጀመሪያ ዓመቷ ላይ እርግጠኛ አይደለሁም ብላ ጥይቷን ሳታገባ ነው ሁለት ሰዓት የጠበቀችው።»

ኔቫ ባርኔጣው ሥር ሆና ሳቀች፣ እንባዋም አብሮ መጣ። ከትናንት ማታ ጀምሮ ደረቷ ላይ የተቀመጠው ነገር ተነስቶላት፣ እፎይታው እስከ ደነዘዙት ጣቶቿ ወረደ። ወዲያውም ራባት። አክስቷ የጠቀለለችላቸውን የሞርታዴላ ሳንድዊች አውጥታ የራሷን ጨርሳ፣ የአጎቷንም ግማሽ በላችበት።

«ውሸት ሆድ ይነፋል እንጂ አያጠግብም» አለ ዶይል ባዶውን ወረቀት እያየ።

ከዚያ በባዶው ሽጉጥ መለማመድ ጀመሩ። ዶይል ቀለበቱን ራሷ ወደ ሁለት እንድትመልሰው አደረገ። «በሰባት የምታዪው መንቀጥቀጥሽን ነው። በሁለት የምታዪው አጋዘኑን ነው። ክርንሽን ከጉልበትሽ ጫፍ ላይ አንሺው፣ ከጉልበትሽ ወረድ አድርገሽ አሳርፊው። እንደዚያ!» አንድ ጉቶ አመለከታት። እጇን ዘረጋች፣ ተነፈሰች፣ ቃታውን ሳበች፤ ቃ አለ። አሁንም ቃ። ሃያ ጊዜ፣ ሠላሳ ጊዜ። መጀመሪያ መስቀሉ ከጉቶው እየወጣ አስቸገራት፤ ፀሐይ ኮረብታውን ስታልፍ ግን ጉቶው ላይ መቀመጥ ጀመረ።

አራት ሰዓት ገደማ ዶይል ድንገት ደረቀ። ሁለቱ አጋዘኖች ከታች እየተመለሱ ነው። ትልቋ ትንሿን አስቀድማ ወጣች፣ አርባ እርምጃ ላይ ስትደርስ ጎኗን ሰጥታ ቆመች።

ኔቫ ባዶውን ሽጉጥ ባላው ላይ አሳርፋ አየቻት። አሁን ሁሉም ነገር አለ፦ ጆሮዋ፣ ሆዷ ሥር የሚበራው ነጩ ጸጉር፣ ከኋላዋ ያለው ቁጥቋጦ። መስቀሉ ከትከሻዋ ኋላ ሄዶ እዚያው ረጋ።

ክንዷ አጠገብ የአጎቷ መዳፍ ተከፈተ። ጥይቷ መሐሉ ላይ ነበረች።

«አሁን አልተንቀጠቀጥሽም» አለ በሹክሹክታ። «አየሁሽ። ደንቡን ያወጣው አባቴ ነው፣ እሱ ደግሞ እዚህ የለም። ከፈለግሽ ያንቺ ናት።»

ትፈልጋለች። በጣም ትፈልጋለች። ባዶ ሽጉጥ ግን አይዘልም፣ አይጮኽም፤ ጥይት ሲገባበት እጇ ምን እንደሚል ገና አታውቅም። አለማወቋን ደግሞ አሁን ታውቃለች።

ዓይኗን ከመነጽሩ ሳትነቅል በግራ እጇ የአጎቷን ጣቶች አንድ በአንድ ጥይቷ ላይ አጠፈቻቸው።

ዶይል ጥይቷን ወደ ኪሱ መለሳት። ሁለቱ አጋዘኖች ቅጠል እየለቀሙ በፊታቸው አለፉ፣ ኔቫም ኮረብታውን እስኪሻገሩ ድረስ በመነጽሩ እየተከተለች አየቻቸው።