ባዶ ብዬ የጻፍኩት መሬት

መጀመሪያ ያየሁት ፊቱን አይደለም፤ ጫማውን ነው። የቅየሳ መሣሪያዬ ላይ ጎንበስ ብዬ፣ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ወንዙ ዳር የተከልኩትን ምልክት ስፈልግ ጭቃ የለበሰ የጎማ ቦት መጥቶ እግሬ አጠገብ ቆመ።

«እህቴ፣ ልጆቼ ላይ ቆመሻል» አለኝ ረጋ ብሎ።

ወደ ታች አየሁ። ከእርጥብ አፈርና ከላዩ ከተነሰነሰ ደረቅ ሣር በቀር ምንም የለም። የመሣሪያው ሦስት ሹል እግሮች አፈሩ ውስጥ ሰጥመዋል።

«የምን ልጆች?»

«የዝግባ። ከተዘሩ ዛሬ ሃያ ቀናቸው። ሦስት ወር ካልሞላቸው ብቅ አይሉም። እስከዚያ የመጣ ሁሉ ይረግጣቸዋል።»

ይቅርታ ልል ፈለግኩ። አፌ ተከፈተ፣ ድምፅ ግን አልወጣም። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ነኝ። እማዬ «ዝም አይነቅዝም» እያለች ነው ያሳደገችኝ። ዩኒቨርሲቲም ገብቼ የወጣሁት፣ ሥራም የተቀጠርኩት ያንን ዝምታ እንደ ደህና እህል ሸክፌ ነው።

እሱ ጎንበስ ብሎ የመሣሪያውን እግሮች አንድ በአንድ ነቀላቸውና ቀዳዳዎቹን በጣቱ ደፈነ። ቀና ሲል ፊቴን አይቶ ፈገግ አለ።

«አይዞሽ፣ አልሞቱም።»

እኔን ያስደነገጠኝ ግን መርገጤ ብቻ አልነበረም።

የከተማችን እግር ኳስ ክለብ ወደ ከፍተኛው ሊግ ካደገ ወዲህ አዲስ ስታዲየም ይሠራለት ተብሎ፣ ቦታ የሚመርጥ ኮሚቴ ተቋቁሞ ነበር። ለምርጫ የቀረቡት ሦስት ናቸው፤ የተዘጋው የጡብ ፋብሪካ፣ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ያለው ሜዳና ይህ የወንዝ ዳር መሬት። እኔ በከተማው ፕላን ቢሮ ቀያሽ ስለሆንኩ ቦታዎቹን ለክቼ ቅጽ የምሞላው እኔ ነበርኩ። ቅጹ ላይ «በአሁኑ ጊዜ መሬቱ ላይ ያለው» የሚል ጥያቄ አለ። ለመልስ የተሰጡት ቃላት አራት ብቻ ናቸው፤ ቤት፣ መንገድ፣ ውኃ፣ ባዶ።

ከሁለት ሳምንት በፊት እዚህ መጥቼ ነበር። ዝናብ ነበር፣ የዕለቱ የመጨረሻ ቦታም ነበር። በሩ ተቆልፎ ስላገኘሁት በሽቦ አጥሩ በኩል አየሁ። አንድ የቆርቆሮ ዕቃ ቤት፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ወንዙ ድረስ ቡናማ አፈር። የዓመቱ ችግኝ ተሸጦ አልቆ፣ አዲሱ ዘር ገና መሬት ውስጥ እንደሆነ አላወቅኩም። «ባዶ» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ቅጹም ነጥብ ለሚሰጠው ኮሚቴ ሄደ።

አሁን ተዳፋቱን ልለካ ተመልሼ፣ አሥራ ስድስት መደብ ዘር መሃል ቆሜያለሁ።

ምን እንደምለካ ጠየቀኝና ነገርኩት። ደስ አለው። የክለቡ ደጋፊ ነው። ስታዲየሙ እዚህ ቢሆን ኖሮ ጎል በገባ ቁጥር ችግኞቼ ያጨበጭቡ ነበር ብሎ ሳቀ። ከዚያ እጁን አራገፈና እንዲህ አለኝ፦

«ግን አይመርጡትም። ሰው የሚሠራበትን ትተው ባዶ ቦታ ነው የሚፈልጉት።»

«አዎ» አልኩት።

ያቺ «አዎ» እስከ ዛሬ ጉሮሮዬ ላይ አለች።

ቅዳሜ ተመልሼ ሄድኩ። እውነቱን ልነግረው ነበር የሄድኩት። እሱ ግን ስለ እግሬ እንጂ ስለ አፌ አልጠየቀኝም፤ አሮጌ ቦት አውጥቶ ሰጠኝ። አፈር እየነፋን ትንንሽ ጥቁር የችግኝ ላስቲኮች ሞላን። ማውራት የማያስፈልገው ሥራ ነው፤ ለዚህ ሳይሆን አይቀርም የወደድኩት። ወደ ቀትር ገደማ እናቱ መጣች። የአባቱን ሥራ ነው የያዘው፤ መሬቱን መጀመሪያ የቆፈረው አባቱ ነው። እሷ ከሩቅ አይታኝ፣ «ይህቺ ደግሞ ከየትኛው መደብ የበቀለች ናት?» አለች።

«ገና አልበቀለችም» አላት። «ዝግባ ናት።»

ስሜ በዚያው ቀረ። ዝግባ ማለት ዝግታ ነው ይለኝ ነበር፤ የቸኮለ ሰው ባዶ መስሎት መደቡን ገልብጦ ሌላ ይዘራበታል፣ የታገሠ ግን ያገኛል። «አንቺም ሦስት ወር ካልጠበቁሽ አትናገሪም» እያለ ይስቅብኛል። እኔም እስቃለሁ። ልቤ ግን ቅጹ ላይ ነበር።

በየቅዳሜው ሄድኩ። ሌሎቹ መደቦች አንድ በአንድ አረንጓዴ እየሆኑ መጡ። የእኔ ቅጽ ብቻ ባዶ እንዳለ ቀረ።

እርማት የሚቀበሉበት ቀን ተቆርጦ ነበር። ከዚያ ቀን በፊት ሰው የሚሠራበት መሆኑ ከታወቀ ቦታው ከምርጫው ይወጣል። ይህንን አውቃለሁ፤ ማስታወቂያውን የለጠፍኩት እኔ ነኝ። በመጨረሻው ቀን የእርማት ቅጽ ሞልቼ አለቃዬ በር ላይ ቆምኩ። «ነጥቡ ይናገራል» ማለት ስለሚወድ ቢሮው በሙሉ ጋሽ ነጥቡ ይለዋል። የተሳሳተ ቅጽ ያመጣ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ፊቱ ቆሞ ነበር። ጋሽ ነጥቡ አልተቆጣም። ቢሮው ውስጥ ያሉትን እያሳቀ፣ «ከአፍ ከወጣ አፋፍ፣ ከእስክሪብቶ ከወጣ ማህደር!» አለው። ባልደረባዬ ቅጹን ይዞ፣ ጆሮው ቀልቶ ወጣ።

እኔ ተራዬን አልጠበቅኩም። ቅጹን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ነገ አስተካክለዋለሁ ብዬ ሄድኩ። ነገ እርማት የሚባል ነገር እንደሌለ እያወቅኩ።

በዚያ ሳምንት ቅዳሜ፣ እሱ ባዶ የሚመስለውን የዝግባ መደብ እያጠጣ፣ ወደ እኔ ሳይዞር ተናገረ።

«እነዚህ ብቅ ሲሉ እናትሽ ዘንድ እመጣለሁ። ይኸን ያህል ልትታገሺኝ ትችያለሽ?»

እንባዬ መጣ። የደስታ መሰለው።

ሕዝቡ ውጤቱን ሊሰማ የተጠራው ዝግባዎቹ በተዘሩ በመቶኛው ቀን ነው። አዳራሹ እርጥብ ልብስ ይሸታል። እሱና እናቱ ከኋላ ተቀምጠዋል፤ እሱ የክለቡን ሹራብ ለብሷል። ከሩቅ ሲያየኝ አንድ ጣቱን ቀጥ አድርጎ አሳየኝ። አልገባኝም ነበር። በኋላ ነው የተረዳሁት። በዚያ ጠዋት የመጀመሪያዋ ዝግባ ብቅ ብላ ነበር።

ጋሽ ነጥቡ ማንበብ ጀመረ። ጡብ ፋብሪካው ሰባ አራት። ከመናኸሪያው ጀርባ ስድሳ ሁለት። «ወንዝ ዳር፣ አሁን መሬቱ ላይ ያለው፣ ባዶ። ሰማንያ አንድ ነጥብ።»

ከኋላ የሱን ሳቅ ሰማሁ። የንባብ ስህተት መስሎት ነው። ከዚያ ተነሣ።

«ይቅርታ፣ ባዶ ነው ያለው ማነው? አሥራ ስድስት መደብ ችግኝ አለኝ። አባቴ ከጀመረው ሠላሳ ዓመት አልፎታል።»

«ቅጹ ላይ ፊርማ አለ፣ ወንድሜ» አለ ጋሽ ነጥቡ። «ያየ ሰው ነው የጻፈው።»

አዳራሹ ተንጫጫ። ከወንበሬ ተነሣሁ። መናገሬን የሰማሁት ተናግሬ ከጨረስኩ በኋላ ነው።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት። ባዶ አልነበረም። ዘሩ መሬት ውስጥ ነበር። ካወቅኩ ሰማንያ ቀን ሆኖኛል።»

ወደ እኔ ዞረ። እናቱ እጁን ይዛ ልታስቀምጠው ሞከረች። አልተቀመጠም።

ኮሚቴው ለብቻው ተማከረ። የእርማቱ ቀን አልፏል። ነጥቡ ቢታረምም ወንዝ ዳሩ በሁለት ነጥብ ይበልጣል። ቃሌ የጠቀመው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ባዶ ከተባለ መሬት ተነሺ የለምና፣ አሁን ስማቸው ከተነሺዎች ጋር ተጽፎ ምትክ ቦታ ይሰጣቸዋል። የሚሰጣቸው ቦታ በአውቶቡስ የግማሽ ቀን መንገድ ነው።

ደረጃው ላይ ጠበቅኩት። ያካፋ ነበር።

«በዝናብ፣ በሽቦ አጥር በኩል ነው ያየሽው» አለኝ። «እሱን እረዳለሁ። የተሳሳትሽው አንድ ቀን ነው። ዝም ያልሽው ግን ሰማንያ ቀን ነው።»

«ፈራሁ።»

«ማንን?»

«መጀመሪያ አለቃዬን። በኋላ... አንተን።»

የተናደደ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ፊቱ የደከመ ሰው ፊት ነበር።

«ዝም አይነቅዝም ትል ነበር እናቴ» አልኩት። ለምን እንዳልኩት እኔም አላውቅም።

«እሱ ለሰው ይሆናል። እኔ የማውቀው ዘር ነው። ያልተዘራ ይነቅዛል።»

እናቱን ደግፎ ደረጃውን ወረደ።

የመነሻቸው ሳምንት ፈቃድ ወስጄ ሄድኩ። እሱ አየኝና ወደ ሥራው ተመለሰ። በሩን የከፈተችልኝ እናቱ ናት። «ግቢ ልጄ» አለችኝ፣ «ቂም ላይ የምናባክነው እጅ የለንም።» አምስት ቀን ሙሉ ችግኝ ስናነሣ ከረምን። የዝግባዎቹ ነገር ከባድ ነበር። ገና የዘሩን ቅርፊት እንደ ቆብ ራሳቸው ላይ እንደደፉ ነበሩ፤ ከነአፈራቸው ካልተነሡ ሥሮቻቸው ይበጠሳሉ። ስንቱን እንደበጠስኩ አልቆጠርኩም። አንድም ቀን አልተቆጣኝም። አንዴ ብቻ፣ አፈሩ ሊያመልጠኝ ሲል አይቶ፣ እጁን ከእጄ ሥር አስገብቶ አፈሩን አብሮኝ ያዘ። ከዚያ እጁን ቀስ ብሎ አወጣ።

በመጨረሻው ቀን መኪናው ተጭኖ እናቱ ጋቢና ገብታ ተቀመጠች። እሱ አንድ ጣሳ ይዞ መጣ። ጣሳው አፈር ብቻ ነበር።

«ይቅር ብዬሻለሁ» አለኝ። «ይኸን ይዘሽ እንዳትቆዪ። ግን ዝግባ... እኔ የወደድኩት ዝምታሽን ነበር። አሁን ዝም ባልሽ ቁጥር ምን ደብቃ ይሆን እያልኩ ነው የምኖረው። አንቺም እኔም እንዲህ መኖር አይገባንም።»

«ብናገርስ? ከአሁን በኋላ ሁሉን ብናገር?»

«ተናገሪ» አለኝ። «ለእኔ ግን መሽቷል።»

ጣሳውን ሰጠኝ።

«ባዶ ነው ብለሽ እንዳትደፊው።»

መኪናው ጭቃውን እየረጨ ወጣ። ጎማው የተወው ቦይ ውኃ እስኪሞላ ድረስ እዚያው ቆምኩ።

ከቀያሽነት አንሥተው መዝገብ ቤት አደረጉኝ። አልተከራከርኩም፤ ለእኔ የሚገባኝ ክፍል ነው። ጣሳውን መስኮት ላይ አስቀመጥኩና በየጠዋቱ አጠጣሁ። ሦስት ወር አለፈ። አራተኛውም። እማዬ ይህን አፈር ጣይውና አበባ እንትከልበት አለችኝ፤ እምቢ ስላት ለምን እንደሆነ አልነገርኳትም። በአምስተኛው ወር አንድ ጠዋት አፈሩ ተሰንጥቆ፣ ቆብ የደፋች ቀጭን ነገር ቀና ብላ አገኘኋት። ስልኬን አንሥቼ አንድ ቃል ጻፍኩለት፤ «በቀለች።»

መልሱ በማግስቱ መጣ። «ዝግ ብለሽ አጠጫት።»

ከዚያ ወዲህ አልተጻጻፍንም። የሱ መደቦች እዚያ እንደያዙ፣ እናቱም ደህና እንደሆነች ከሰው ሰምቻለሁ። ሌላ ለመጠየቅ መብት ያለኝ አልመሰለኝም።

ስታዲየሙ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ፈጀ። የመክፈቻው ጨዋታ ቀን እማዬ ሬዲዮ ከፍታ ተቀመጠች። እኔ መስኮቱ አጠገብ ነበርኩ፤ ዝግባዋ ከክንዴ ልትስተካከል ምንም አልቀራት፤ ጣሳውን ትታ ባልዲ ገብታለች። ውጭው ጨፍግጓል። የሜዳውን ካርታ በቃሌ አውቀዋለሁ። የዝግባው መደብ የነበረው በወንዙ በኩል፣ በስተቀኝ ካለው የማዕዘን ባንዲራ ሥር ነው።

የጨዋታው አስተላላፊ ድምፁ እየጨመረ መጣ። «በቀኝ መስመር ይዞ ወጣ... ማዕዘኑ ጋ ደረሰ... ወደ ባዶ ቦታ ላካት!» ሕዝቡ ጮኸ።

«ባዶ አልነበረም» አልኩ።

እማዬ ዞራ አየችኝ። «ምን አልሽ?»

«ምንም» ልላት እችል ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ስላት የኖርኩት ይኸንኑ ነው። ሬዲዮውን ቀነስኩት፣ ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«እማዬ፣ ዝም ይነቅዛል» አልኳት።

ከጭቃማው ቦት ጫማ ጀምሬ ነገርኳት።